የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ፣ 89 መንገድ እና የተሳሳተው ሳንቲም

ታናሽ ወንድሜ ሰሞኑን ለስራ ኢንተርቪው እየተዘጋጀ ነው፣ ማታ ማታ ሳሎን ላፕቶፑን ታቅፎ እነዛን የኮዲንግ ጥያቄዎች ሲፈታ ያመሻል። አንዷን ጥያቄ እናንተም ሳታውቋት አትቀሩም። ደረጃ ስትወጣ ወይ አንድ ወይ ሁለት ደረጃ ነው ባንዴ መርገጥ የምትችለው፣ 10 ደረጃ ካለ በስንት አይነት መንገድ ትወጣለህ? የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሊፍት የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚህ ነገሩ እኛ ቤት የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከአንዱ መታጠፊያ እስከሚቀጥለው ደግሞ ልክ 10 ደረጃ ነው (ቆጥሬዋለሁ፣ ሁሌም እቆጥራለሁ፣ በሽታ ነው)።

መልሱን ወዲያው አገኘው፣ 89። የመጨረሻው እርምጃ ወይ አንድ ነው ወይ ሁለት ነው፣ ስለዚህ የ10 መልስ የ9ን እና የ8ን ደምሮ ነው፣ 55 ሲደመር 34፣ የፊቦናቺ ቁጥር ማለት ነው። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ከዛ ግን ከራሱ አንድ ጥያቄ ጨመረና «እታለም፣ ቆይ ግን ዝም ብሎ በዘፈቀደ የሚወጣ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እግሩን ያነሳል?» አለኝ። እኔ ወረቀት ላይ ሞነጫጭሬ 7.36 አልኩት። እሱ ፓይተን ላይ ሲሙሌሽን ፃፈ፣ ሚሊዮን ጊዜ አስኬደው፣ 6.89 አለ። ደግሞ አስኬደው፣ አሁንም 6.89። «ኮምፒውተር ሚሊዮን ጊዜ ሞክሮ ነው እኮ፣ አንቺ በእስኪብርቶ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሄ ፖስት የዛ ጭቅጭቅ ውጤት ነው። ሁለታችንም ሂሳብ አልተሳሳትንም። «በዘፈቀደ» የምትለው ቃል ናት ያጣላችን።

መጀመሪያ ነገርየው ስም አለው። አንድን ሙሉ ቁጥር በአዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ድምር መፃፍ፣ ቅደም ተከተሉ የሚቆጠር ሆኖ፣ ኮምፖዚሽን ይባላል። 3+1 እና 1+3 ሁለት የተለያዩ ናቸው። ቅደም ተከተል ካልቆጠርክ ፓርቲሽን የሚባለው ነው፣ እሱ ሌላ አገር ነው፣ በጣም ከባድ አገር። ኮምፖዚሽን የሚለውን ስም ሂሳቡ ውስጥ ያስገባው ፐርሲ ማክማሆን የሚባል ማልታ የተወለደ የእንግሊዝ ጦር መድፈኛ መኮንን ነው፣ 1893 ላይ ባወጣው ረጅም ጥናት። መድፈኛው ሰውዬ ቁጭ ብሎ ቁጥር ሲሸነሽን ይታየኛል፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም ደስ ይለኛል።

ምንም ገደብ የሌለው ኮምፖዚሽን በጣም ቀላል ነው። 10 የባቄላ ፍሬ በመስመር ደርድር። በመሀላቸው 9 ክፍተት አለ። በእያንዳንዱ ክፍተት ወይ ትቆርጣለህ ወይ ትተዋለህ። በቃ፣ 2 ለ9 ጊዜ በራሱ ተባዝቶ 512። ለማንኛውም ቁጥር ይሄው ነው፣ ከቁጥሩ አንድ ቀንሰህ 2ን ያን ያህል ጊዜ ማባዛት። አሁን ደስ የሚለው፣ ከ512ቱ አንዱን እኩል እድል ሰጥተህ መምረጥ ከፈለክ በየክፍተቱ ሳንቲም መወርወር ነው፣ ዘውድ ከሆነ ቁረጥ፣ ጎፈር ከሆነ እለፍ። ሁሉም አቆራረጥ 1 ከ512 እድል ይደርሰዋል፣ ማንም አይበልጥም ማንም አያንስም። ፕሮባቢሊቲው (የእድል ሂሳቡ) ሁሉ ከዚች ሳንቲም ይወጣል። የክፍሎቹ ብዛት በአማካይ 5.5 ነው (አንድ ሲደመር የ9 ውርወራ ግማሽ)። 1 የሚባለው ክፍል በአማካይ 3 ጊዜ ይመጣል። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ብታያቸው ግማሽ ያህሉ 1፣ ሩብ ያህሉ 2፣ ስምንተኛ ያህሉ 3 እያለ ይወርዳል፣ ቁጥሩ ትልቅ ሲሆን በተለይ ይሄ በደንብ ይታያል።

ወንድሜን ያሳሳተው ይሄ ይመስለኛል። ገደብ በሌለበት ጊዜ ሳንቲም መወርወር እና «ከሁሉም መንገዶች አንዱን በእኩል እድል መምረጥ» አንድ ነገር ናቸው። ስለዚህ ጭንቅላታችን ሁሌም አንድ ናቸው ብሎ ያስባል። ገደብ ስታስገባ ግን፣ «ክፍሎቹ 1 ወይም 2 ብቻ ይሁኑ» ስትል፣ ሁለቱ ይለያያሉ።

የሱ ኮድ ምን ያደርግ ነበር፣ በየደረጃው ሳንቲም ይወረውራል፣ ዘውድ አንድ፣ ጎፈር ሁለት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ደረጃ ብቻ ከቀረ ግድ አንድ። እስቲ ሁለት መንገድ ብቻ እንይ። ሁሌ ሁለት ሁለት እያለ የሚወጣው 2+2+2+2+2 ነው፣ አምስት ውርወራ፣ እድሉ 1 ከ32። ሁሌ አንድ አንድ የሚለው ደግሞ ዘጠኝ ውርወራ እና አንድ ግዴታ፣ እድሉ 1 ከ512። ሁለቱም ከ89ኙ መንገዶች አንድ አንድ ናቸው፣ እሱ ጋር ግን አንዱ ከሌላው 16 እጥፍ እድል አለው! ለምን ብትል አጭር መንገድ ጥቂት ውርወራ ነው የሚያስፈልገው፣ ረጅም መንገድ ብዙ ውርወራ ማለፍ አለበት፣ በእያንዳንዱ ውርወራ እድሉ በግማሽ ይቆረጣል። ሳንቲሟ ብዙ እርምጃ ያለውን መንገድ ትቀጣለች። ለዛ ነው አማካዩ 6.89 ላይ ዝቅ ያለው።

89ኙ እኩል እድል ይኑራቸው ካልክ ደግሞ ቆጠራው እንዲህ ነው። ባለ ሁለት እርምጃ ምንም የሌለው 1 መንገድ፣ አንድ ጊዜ ያለው 9፣ ሁለት ጊዜ 28፣ ሶስት ጊዜ 35፣ አራት ጊዜ 15፣ አምስት ጊዜ 1። ሲደመር 89። በመንገዶቹ ሁሉ ያሉት ሁለቶች ተደምረው 235 ናቸው፣ ለ89 ሲካፈል አማካዩ 2.64፣ እያንዳንዱ ሁለት አንድ እርምጃ ስለሚቆጥብ ከ10 ቀንሰው፣ 7.36። እስኪብርቶ አይናቅም።

«እሺ ትክክለኛው ሳንቲም ታድያ ምን አይነት ነው?» አለኝ፣ ትንሽ ኮስተር ብሎ። አሁን ወደሚጣፍጠው መጣን።

ከ89ኙ መንገዶች በአንድ የሚጀምሩት 55 ናቸው፣ በሁለት የሚጀምሩት 34። 55 ሲካፈል ለ89 0.618 ነው። ወርቃማው ቁጥር (1.618) ተገልብጦ! ማለትም ትክክለኛው ሳንቲም ሚዛኑን የጠበቀ አይደለም፣ ወደ አንድ ያጋደለ ነው፣ 0.618 ለአንድ፣ 0.382 ለሁለት። እና ይሄ በአጋጣሚ አይደለም። 0.382 ማለት 0.618 በራሱ ተባዝቶ ነው። እስቲ ይሄን እንደ ዋጋ አስቡት፣ አንድ ደረጃ የመውጣት ዋጋ 0.618፣ ሁለት ደረጃ ባንዴ መዝለል የሁለቱ ዋጋ ተባዝቶ። እንደዛ ከሆነ 10 ደረጃ በየትኛውም መንገድ ውጣ፣ አንድ አንድም በል ሁለት ሁለትም በል ቀላቅል፣ ጠቅላላ ዋጋው 0.618 አስር ጊዜ ተባዝቶ ነው። ሁሉም መንገድ አንድ ዋጋ። ሁሉም እኩል እድል። የወንድሜ ሳንቲም ላይ ግን ሁለት ደረጃም ዋጋው 0.5፣ አንድ ደረጃም 0.5፣ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው ተጭኖ የአንድ ሰው ሂሳብ እንደመክፈል ነው።

ለምን 0.618 እንጂ 0.6 አልሆነም? ሁለቱ እድሎች ተደምረው 1 መምጣት ስላለባቸው። ዋጋው፣ ሲደመር ዋጋው በራሱ ተባዝቶ፣ እኩል ይሆናል 1። ይሄን የሚያሟላ አዎንታዊ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። ገደቡ የትኞቹ ክፍሎች ይፈቀዳሉ የሚል ብቻ እስከሆነ ድረስ ደንቡ ይሰራል፣ የተፈቀዱትን ክፍሎች ዋጋ ደምር፣ 1 እስኪሆን ድረስ የአንዱን ዋጋ አስተካክል፣ አለቀ፣ ሳንቲምህን (ወይም ዳይስህን) አገኘህ። ሁሉም ክፍል ሲፈቀድ ዋጋው ግማሽ ይወጣል፣ ያቺው የባቄላዋ ሳንቲም ናት፣ ስለዚህ እዛ ጋ የሰራችልን እድለኛ ስለሆንን ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ትንሽ ነገር ግን አለች፣ ሳልናገር ካለፍኩ የሚያውቅ ሰው ኮመንት ላይ ይገባልኛል። በዚህ ባጋደለ ሳንቲም ስትወጣ አንዳንዴ 9ኛው ላይ ሆነህ ሁለት ይመጣብህና 11 ላይ ታርፋለህ። እነዛን ትጥላለህ። ልክ 10 ላይ የሚያርፉት ስንት ናቸው፣ 89 ሲባዛ በ0.618 አስር ጊዜ፣ ወደ 0.72 ነው። ከመቶ 28ቱን መጣል ምንም አይደለም፣ የቀሩት ፍፁም እኩል እድል አላቸው። ይሄ «28ቱን መጣል» የሚለውን ያዙልኝ፣ ኋላ ሌላ የመጣል ታሪክ አለኝ፣ ያኛው ያስለቅሳል።

ሌላው የሚገርመኝ ነገር፣ አንድ አይነት ወርቃማ ቁጥር ሶስት የማይገናኙ የሚመስሉ ገደቦች ላይ ይወጣል። አንደኛው 1 እና 2 ብቻ። ሁለተኛው ጎዶሎ ክፍሎች ብቻ፣ 1፣ 3፣ 5 እያለ። ሶስተኛው 1 የተከለከለበት፣ ሁሉም ክፍል 2 ወይም ከዛ በላይ። ለ5 ሞክሩት፣ የመጀመሪያው 8 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 5፣ ሶስተኛው 3። ሶስቱም ተከታታይ ፊቦናቺ። ሶስቱም ዋጋቸው 0.618 ነው፣ ስለዚህ ቆጠራው ላይ ወንድማማች ናቸው፣ ግን ውስጣቸውን ብታየው አይመሳሰሉም። ትልቅ ቁጥር ውሰድና አንድ ክፍል በአማካይ ስንት ነው በል፣ የመጀመሪያው 1.382፣ ጎዶሎዎቹ 2.236 (ይሄ የ5 ስኩዌር ሩት ነው፣ ሳየው ጮህኩ)፣ 1 የተከለከለበት 3.618። ብዛታቸውን ብቻ ቆጥሮ የተወ ሰው ይሄን አያይም፣ ለዛ ነው የቆጠራ ጥያቄ ላይ ፕሮባቢሊቲ መጨመር የምወደው፣ ቆጠራው ስንት ሰው እንዳለ ይነግርሃል፣ ፕሮባቢሊቲው ምን እንደሚመስሉ።

ደግሞ ይሄን እዩ። 1000 ላይ ብትሰራው የመጀመሪያው ወደ 724 ክፍሎች ይኖሩታል፣ የሶስተኛው ወደ 276፣ ደምሩት፣ 1000። ምክንያቱ ባቄላው ላይ ነው። ክፍሎች 1 እና 2 ብቻ ከሆኑ ሳይቆረጡ የታለፉ ሁለት ክፍተቶች ጎን ለጎን አይመጡም። የተቆረጠውን ሁሉ ብትገጥመው፣ ያልተቆረጠውን ሁሉ ብትቆርጠው፣ ሁለት የተቆረጡ ክፍተቶች ጎን ለጎን አይመጡም ማለት ነው፣ ከዳርና ዳር በስተቀር 1 አይኖርም። አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው።

በነገራችን ላይ የ1 እና የ2 ጉዳይ የጣልያኑ ፊቦናቺ ግኝት አይደለም፣ የሳንስክሪት ገጣሚዎች ቀድመውታል። እነሱ ጋ አጭር ድምፅ አንድ ምት፣ ረጅም ድምፅ ሁለት ምት ነው፣ ስለዚህ «ይሄን ያህል ምት ያለው ስንኝ በስንት አይነት ይገጠማል» ብለው ጠየቁ፣ ሄማቻንድራ የሚባለው የህንድ ሊቅ 1150 አካባቢ ደንቡን ፅፎታል። የኛ የአማርኛ ግጥም ቀለም ነው የሚቆጥረው፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት ቀለም ነው ይባላል፣ የድምፁን ርዝመት አይመዝንም፣ ስለዚህ ይቺ ጥያቄ እኛ ቅኔ ቤት በር ላይ ሳታንኳኳ አለፈች። ቁጭ ብዬ ሳስበው ትንሽ ያስቀናኛል።

ወደ ወንድሜ ልመለስ። አማካዩ ላይ ከተስማማን በኋላ «0.47 ልዩነት ለዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ?» አለ። ትክክል ነው፣ 10 ደረጃ ላይ ምንም አይደለም። 1000 ደረጃ ላይ ግን የሱ ሳንቲም 667 እርምጃ ይላል፣ ትክክለኛው 724። የእርምጃዎቹ ብዛት ቁጥሩ ሲያድግ ወደ ደወል ቅርፅ ነው የሚሄደው፣ ቫሪያንሱ የደረጃው ብዛት ሲካፈል ለ11.18 ገደማ ነው (5 ሲባዛ በ5 ስኩዌር ሩት)፣ ስለዚህ 1000 ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት፣ ከአማካዩ በተለምዶ የሚራቀው ልክ) 9.5 አካባቢ ነው። ከሁሉም መንገዶች መቶ እጅ ዘጠና አምስቱ ከ705 እስከ 743 ባለው ውስጥ ተጨናንቀው ይገኛሉ ማለት ነው። 667 ከመሀሉ በስድስት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይርቃል። የሱ ሲሙሌሽን ሚሊዮን ጊዜ ሲሮጥ የሚጎበኘው ሰፈር እውነተኛዎቹ መንገዶች ከሞላ ጎደል የማይኖሩበት ሰፈር ነው። ሚሊዮን ጊዜ መሞከር የተሳሳተ ሳንቲም አያቀናም፣ የተሳሳተውን መልስ በብዙ ዴሲማል ይነግርሃል እንጂ። ይሄን ስለው ዝም አለ፣ ከዛ ሻይ አፈላልኝ፣ እኛ ቤት ሽንፈት የሚታመነው እንደዛ ነው።

ሻዩን እየጠጣን ግን ተንኮለኛ ጥያቄ አመጣ። «ክፍሎቹ ምንም ይሁኑ፣ ግን ሁለት ጎን ለጎን ያሉ እኩል መሆን ባይችሉስ?»

ይሄን የጠየቀ እሱ የመጀመሪያው አይደለም። ሊዮናርድ ካርሊትዝ የሚባል አሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ሰው፣ በህይወቱ ከ700 በላይ ፔፐር የፃፈ (እኔ በህይወቴ ይሄን ያህል ኢሜይል መፃፌን እጠራጠራለሁ)፣ 1976 ላይ ሰርቶታል፣ ስለዚህ የካርሊትዝ ኮምፖዚሽን ይባላሉ። ለ4 ስንት አሉ፣ 4፣ 3+1፣ 1+3፣ 1+2+1፣ አራት። 2+2 አይቻልም። ለ5 ሰባት ናቸው። ለ10 124። ከ512ቱ 124፣ ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

እዚህ ጋ የኔ ውርደት ይጀምራል። ወንድሜን በሳንቲሙ ስስቅበት አምሽቼ እኔ ራሴ ምን አሰብኩ፣ «ቀላል ነው፣ በባቄላው ሳንቲም ነፃ (ገደብ የሌለው) ኮምፖዚሽን አመርታለሁ፣ ጎን ለጎን እኩል ያለውን እጥላለሁ፣ የተረፈው እኩል እድል ያለው ካርሊትዝ ነው»። አስተሳሰቡ ትክክል ነው። 10 ላይ ከአራት ሶስቱን ትጥላለህ፣ ምንም አይደል። እኔ ግን 100 ላይ ነው የሄድኩት፣ አስር ሺ ናሙና ፈልጌ። ላፕቶፔ በሰከንድ 50 ሺ ያህል ይሞክራል። ከአንድ ሰአት በኋላ ሳየው 260 ምናምን ብቻ ነው የያዘው። ይሁን፣ ሌሊቱን ይሩጥ ብዬ ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ መብራት ሄዶ፣ ባትሪው አልቆ፣ እኔ ደግሞ ውጤቱን ፋይል ላይ አላስቀምጠውም ነበር። ዜሮ። ወንድሜ አልሳቀም፣ እሱ ነው ይበልጥ ያበሸቀኝ።

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነገሩ ግልፅ ነበር። የካርሊትዝ ብዛት ቁጥሩ በአንድ ባደገ ቁጥር በ1.75 እጥፍ ነው የሚያድገው (በትክክል 1.750243፣ ኖፕፍማኸር እና ፕሮዲንገር የሚባሉ የሂሳብ ሰዎች 1998 ላይ በደንብ አስልተውታል፣ ከፊቱ 0.456387 ይባዛል)። ነፃዎቹ በ2 እጥፍ ያድጋሉ። ስለዚህ የካርሊትዞቹ ድርሻ በየእርምጃው በ0.875 እየተባዛ ይሟሽሻል። 0.875 ብቻውን ሲያዩት ደግ ቁጥር ይመስላል። 50 ላይ ስትደርስ ከ860 አንድ ገደማ ነው፣ 100 ላይ ከሚሊዮን አንድ ተኩል! አስር ሺ ናሙና ለማግኘት ወደ ሰባት ቢሊዮን መሞከር ነበረብኝ፣ በኔ ላፕቶፕ ከ37 ሰአት በላይ፣ መብራት ሳይሄድ። ደረጃው ላይ 28 ከመቶ ነበር የምንጥለው፣ እዚህ ከሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሺ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ተኩሉን። ልዩነቱ ሳንቲሟ ገደቡን ማወቅ አለማወቋ ነው።

ገደቡን የሚያውቅ መንገድ ደግሞ አፍንጫዬ ስር ነበር። አንድ ካርሊትዝ በ3 ይጀምራል እንበል፣ ጠቅላላው 100 ከሆነ ቀሪው የ97 ካርሊትዝ ነው፣ በ3 ከማይጀምር በስተቀር የፈለገውን ይሁን። ስለዚህ «በ3 የሚጀምሩ የ100» ማለት «የ97 ሁሉም» ሲቀነስ «በ3 የሚጀምሩ የ97» ነው። ያቺን አንድ መስመር እየደጋገምክ ሰንጠረዥ ትሞላለህ፣ ከዛ የመጀመሪያውን ክፍል በሰንጠረዡ ሚዛን ትመርጣለህ፣ ከዛ ሁለተኛውን፣ እያልክ። የሚጣል የለም። አስር ሺው ሻይ ሳይፈላ አለቀ።

እና ምን ይመስላሉ? ለመልሱ ያቺን የዋጋ ሀሳብ ትንሽ መጠምዘዝ ያስፈልጋል። ማንኛውንም ነፃ ኮምፖዚሽን ውሰድ፣ ተከታትለው የተደጋገሙትን ጨፍልቃቸው፣ ለምሳሌ 2+2+1+1+1+3 ቢሆን 2+1+3 ይሆናል፣ ካርሊትዝ ወጣ። ተቃራኒውን ስታስበው ነፃዎቹ ማለት ካርሊትዞች ሆነው እያንዳንዱ ክፍል የፈለገውን ያህል እየተደጋገመ የተነፋበት ነው። ይሄን ንፊት ወደኋላ ስትፈታው ደንቡ እንዲህ ይወጣል፣ የክፍሎቹን ዋጋ ዝም ብለህ አትደምርም፣ እያንዳንዱን ዋጋ አንድ ሲደመር ራሱ ለሚለው ታካፍለዋለህ፣ ከዛ ትደምራለህ፣ 1 እንዲመጣ ታደርጋለህ። የአንድ ዋጋ 0.5713 ይወጣል። ገልብጠው፣ 1.75።

ከዛ የሚወጣው ስእል ነው ደስ የሚለው። ነፃው 100 በአማካይ 50.5 ክፍል አለው፣ ካርሊትዙ 35 አካባቢ ብቻ (ቁጥሩ ሲባዛ በ0.3506 ነው)። ነፃው ላይ ከክፍሎቹ መቶ እጅ ሃምሳው 1 ነበሩ፣ እዚህ 30 ብቻ። 2 ከ25 ወደ 24 ወርዶ እዛው አለ፣ 3 ከ12.5 ወደ 17 ከፍ ይላል፣ 4 ከ6 ወደ 11። እኔ ሳልሰራው በፊት ምን ገምቼ ነበር፣ ሁሉም በእኩል ይጎዳል ብዬ። እንዲያውም አይደለም። ጎን ለጎን አትምጡ ስትል በጣም የሚጎዳው በብዛት ያለው ነው፣ ምክንያቱም ከራሱ አይነት ጋር የሚጋጨው እሱ ነው። 7 የሚባለው ክፍል መጀመሪያም ብርቅ ነው፣ ሌላ 7 አጠገቡ ሊቀመጥ የሚችልበት እድል ኢምንት ነው፣ ህጉ መኖሩን እንኳ አይሰማም። ክፍሎቹ ብዛታቸው ሲቀንስ ደግሞ ድምሩ 100 መሙላት ስላለበት መካከለኞቹ ይወፍራሉ።

ትልቁ ክፍልስ? ነፃው ላይ ይሄ ሳንቲም ስትወረውር በተከታታይ ስንት ጎፈር ይመጣል ከሚለው ጋር አንድ ነው (ሲደመር አንድ)። ለዛ ነው በጣም ቀስ ብሎ የሚያድገው፣ በ2 ሎጋሪዝም (2 ስንት ጊዜ ቢባዛ ቁጥሩ ላይ ይደርሳል እንደማለት)፣ 1000 ላይ 10 አካባቢ፣ ሚሊዮን ላይ 20 አካባቢ። ሚሊዮንን በዘፈቀደ ስትሸነሽነው ትልቁ ቁራጭ 20 ብቻ መሆኑ እስካሁን አይዋጥልኝም፣ ሂሳቡን እየሰራሁትም አይዋጥልኝም። ካርሊትዝ ላይ ሎጋሪዝሙ በ1.75 ይሆናል፣ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። እዚህ ጉዳይ ላይ ትንንሽ መወዛወዞች አሉ፣ ቁጥሩ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደጋገሙ፣ ሟቹ ፈረንሳዊ የሂሳብ ሰው ፊሊፕ ፍላዦሌ እና ጓደኞቹ የሚወዷቸው አይነት፣ ግን እነሱን ዛሬ አልነካም፣ ራሳቸውን የቻሉ ፖስት ናቸው።

ትናንት ማታ ወንድሜ ሁለቱን ገደቦች አንድ ላይ አደረጋቸው። 1 እና 2 ብቻ፣ ደግሞ ጎን ለጎን እኩል አይሁኑ። ያኔ ፕሮባቢሊቲ የሚባል ነገር ይሞታል፣ እየተፈራረቁ ከመሄድ ውጪ ምርጫ የለህም። ደረጃው ለ3 የሚካፈል ከሆነ ሁለት መንገድ አለ፣ ካልሆነ አንድ ብቻ። ለኛ 10 ደረጃ አንድ፣ 1+2+1+2+1+2+1። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ በሩን ከፍቼ ቆሜ አየሁት፣ ልክ እንደዛ እየወጣ ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ ከንፈሩ እየቆጠረ። እማዬ ከኋላው የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠች ትወጣለች፣ ከ89ኙ ያቺን ወንድሜ 1 ከ512 የፈረደባትን መንገድ በየቀኑ የምትወጣው እሷ ናት። ትንሽ አየችውና፣

«ምነው ልጄ፣ እግርህን ምን ነካህ?»